ጦርነቱ የቆመበት ቀንና «ቆመ» የተባለበት ቀን

በኅዳር 2014 ደብረ ብርሃን ዜናዋን የምታነበው ከመንገዱ ላይ ነበር። ከጣርማ በር በኩል ፍራሽና ጀሪካን የጫነ አይሱዙ፣ ከኋላው ልጅ ያዘለች እናትና ከብቱን የሚነዳ ገበሬ ተከታትለው ሲመጡ ግንባሩ ቀርቧል ማለት ነው። ወታደር ጭኖ ወደ ሰሜን የወጣ ኦራል ባዶውን ከተመለሰ ውጊያው ገና ነው። ጭኖ ከተመለሰ ደግሞ የጫነው ቁስለኛ ነው ወይስ ጓዙን የጠቀለለ ክፍል ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቴሌቪዥኑ የሚናገረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነበር።

በዚያ ሰሞን የሕወሓት ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን ይዘው ውጊያው ደብረ ሲና አካባቢ ደርሷል። ከደብረ ብርሃን እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ጥቅምት 20 ገደማ ከመንግሥት እጅ ወጥተዋል። ጥቅምት 23 በመላ አገሪቱ የስድስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ኤምባሲዎች ዜጎቻቸውን «ውጡ» አሉ፤ የተባበሩት መንግሥታትም የሠራተኞቹን ቤተሰቦች ማስወጣት ጀመረ። ካቡል ከወደቀች ገና ሦስት ወሯ ስለነበር አዲስ አበባንም በዚያው ዓይን ማየት ቀላል ነበር። የውጭ ተንታኞች ክርክር ከተማዋ ትያዛለች አትያዝም ከሚለው አልፎ በስንት ሳምንት ወደሚለው ዞረ።

ግምቱ ተሳሳተ። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኅዳር 13 ወደ ግንባር እንደሚሄዱ አስታወቁ፤ የዕለት ተዕለቱ ሥራ ለምክትላቸው ለደመቀ መኮንን ተተወ። መንግሥት ኅዳር 22 ሸዋ ሮቢትንና ላሊበላን፣ ኅዳር 27 ደግሞ ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን ገለጸ። ያን ጊዜ የተንታኙ ሁሉ ጥያቄ ተገልብጦ «መቀሌ መቼ ይገባሉ?» ሆነ። እሱም ተሳሳተ። ታኅሣሥ 11 ሕወሓት ኃይሎቹን ወደ ትግራይ መመለሱን ይፋ አደረገ። ከሦስት ቀን በኋላ የመንግሥት ኮሙኒኬሽን አገልግሎት ሚኒስትሩ ለገሠ ቱሉ የዘመቻው የመጀመሪያ ምዕራፍ መጠናቀቁንና ሠራዊቱ በያዘው ቦታ እንዲቆይ መታዘዙን ተናገሩ።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ትልልቅ ትንበያዎች ከሽፈዋል። ሁለቱም የተነሡት «ማን በረታ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ዘመቻ በይፋ የሚቆምበትን ቀን ለመገመት የሚረዳው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ «ቆመ» ብሎ የመናገር ሥልጣን ያለው ማን ነው? ይህን ቃል ለመናገርስ ምን ያስፈልገዋል?

የቀኖቹ አለመገናኘት

ጥይት የሚቆምበትና መግለጫ የሚወጣበት ቀን ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። ሰሜን ሸዋ ይህን ከማንም በፊት የተማረችው ከጣሊያን ነው።

በ1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶሊዮ ሞተረኛ ጦር ከደሴ ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ ተሰብሮ ስለጠበቀው ለመጠገን ቆመ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ ገባ። የዚያኑ ዕለት ማታ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሕዝቡን ሰብስቦ ጦርነቱ ማለቁን አወጀ። ለሮማ ሰው አለቀ። ለአንኮበር፣ ለመንዝና ለተጉለት ሰው ግን ገና መጀመሩ ነበር። ራስ አበበ አረጋይ የሸዋን አርበኞች ይዘው አምስቱን ዓመት ተዋጉ። ከአዋጁ ሦስት ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1931፣ የጣሊያን ጦር ዘረት ላይ ዋሻ ውስጥ የተጠለሉ አርበኞችንና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝ ፈጀ። ዛሬ የደሴ አውቶቡስ የሚያልፍበት 587 ሜትር የጣርማ በር ዋሻም የተቆፈረው «አልቋል» በተባለው ጦርነት ዓመታት ነው።

በእኛ ዘመንም ተመሳሳዩ ታይቷል። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የተጀመረው «ሕግ የማስከበር ዘመቻ» መቀሌ በመያዟ ኅዳር 19 ተጠናቀቀ ተባለ። ጦርነቱ ግን ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ገደማ ቀጥሏል። በአንጻሩ ሰኔ 21 ቀን 2013 የታወጀው የተናጠል ተኩስ አቁም ከመሬቱ ሁኔታ ኋላ የመጣ ነበር፤ መግለጫው ሲነበብ ሠራዊቱ መቀሌን ለቆ እየወጣ ነው። ስለዚህ አዋጅ አንዳንዴ ይቀድማል፣ አንዳንዴ ይከተላል።

ከነጭራሹ የማይመጣበት ጊዜም አለ። በጥር 1974 ደርግ ናቅፋን ለመያዝ የጀመረው የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ትልቅ ስም፣ ትልቅ በጀትና ትልቅ ፕሮፓጋንዳ ነበረው። መንግሥቱ ኃይለማርያም ጽሕፈት ቤታቸውን አስመራ ወስደው ነበር። ናቅፋ አልተያዘም። ድል ስላልነበረ የሚነበብ መግለጫም አልተገኘለትም፤ ዘመቻው ከሬዲዮ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ጠፋ። ያን ጊዜ የፕሮፓጋንዳውን ሥራ ከውስጥ ያየው ደራሲ በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 አሳተመ። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 እንደወጣ ቀረ።

ቀኖቹ ሊገናኙ ጥቂት የቀራቸው በኤርትራው ጦርነት ማብቂያ ነው። ኢትዮጵያ ግንቦት 4 ቀን 1992 የጀመረችው ማጥቃት ባረንቱንና ዛላንበሳን አስያዘ። ግንቦት 23 ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በኢትዮጵያ በኩል ጦርነቱ ማብቃቱን ተናገሩ። ተኩስ ለጥቂት ቀናት ቢቀጥልም ሰኔ 11 አልጀርስ ላይ የግጭት ማቆም ስምምነት ተፈረመ። ያ ዘመቻ ለመቆም የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶለት ነበር፦ የጠፋው መሬት ተመልሷል፣ ኤርትራ ከያዘችው ለመልቀቅ ተስማምታለች፣ አደራዳሪው ወረቀቱን ዘርግቶ ይጠብቃል፣ የጸጥታው ምክር ቤትም በሁለቱም ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል።

የአንድ ወር ልማድ

የትንበያን ሥራ ያጠኑ ሰዎች፣ በተለይ ካናዳዊ-አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ፊሊፕ ቴትሎክ፣ አንድ ነገር ደጋግመው ይመክራሉ። ስለ ፊት ያለው ጉዳይ ከማሰብህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ ቀደም ሲሆን ስንት ጊዜ ወስዷል ብለህ ቁጠር ይላሉ። በኢትዮጵያ ታሪክ ይህን መቁጠር አይከብድም።

የግንቦት 1992 ማጥቃት ከመጀመሪያው ቀን እስከ «አበቃ» 19 ቀን ወሰደ። የ2013ቱ ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 19 ድረስ 24 ቀን። የ2014ቱ መልሶ ማጥቃት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ግንባር እሄዳለሁ ካሉበት እስከ ታኅሣሥ 14 ድረስ 31 ቀን። ነሐሴ 18 ቀን 2014 እንደገና የተነሣው ጦርነት ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ፊርማ እስኪኖረው 70 ቀን ፈጀ። ሦስቱ በአንድ ወር ግራና ቀኝ ሲወድቁ፣ አራተኛው ከእጥፍ በላይ የሄደው ማብቂያው በድርድር ስለተወሰነ ነው።

አራት ምሳሌ ትንሽ ነው፤ ቀይ ኮከብም ከቆጠራው ውጪ ቆሞ ይታዘባል። ቢሆንም ቁጥሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም። የሚንቀሳቀስ ጦር ነዳጅ፣ ጥይትና መኪና ይበላል፤ ቁስለኛው ይበዛል፤ የሚያዘው ቦታ በረዘመ ቁጥር የስንቁ መስመር ይሳሳል። በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት አዛዡ ወይ ጉልበት ማደስ አለበት፣ ወይ ያገኘውን ይዞ «ዘመቻው ዓላማውን አሳክቷል» ማለት ይችላል። ፖለቲከኛው የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ ምክንያቱም መግለጫው ድል ሲመስል የሚነበበው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ድርድር የገባበት ጦርነት ግን በዚህ ሰዓት አይሄድም። የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ በደረሰበት በ1951 እ.ኤ.አ. የተኩስ አቁም ንግግር ተጀምሯል። ስምምነቱ የተፈረመው በሐምሌ 1953 እ.ኤ.አ. ነው። ከ120 በላይ የሆኑት የኢትዮጵያ ሟቾች ያለቁት «ሊቆም ነው» ሲባል በከረመ ጦርነት ውስጥ ነው።

የድንኳኑ በር

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ አንኮበር ትገኛለች። ከተራራው ጫፍ ላይ ቁልቁል ሲታይ ምድሩ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። የሸዋ ነገሥታት እዚያ የተቀመጡት ወዲህም ወዲያም ለማየት ስለሚያመች ነው። በእነሱ ዘመን ዘመቻ በነጋሪት ይታወጅ ነበር፤ ማብቂያውን ግን ሠራዊቱ ቀድሞ የሚያውቀው ከነጋሪቱ አልነበረም። የንጉሡ ድንኳን ሲተከል በሩ ወደየት እንደዞረ አይቶ የነገውን ጉዞ ይገምታል። በሩ ወደ ቤት ዞሮ ካደረ ጭነት መሸከፍ ይጀምራል።

በታኅሣሥ 2014 የድንኳኑ በር የዞረው ከመግለጫው በፊት ነበር፤ አይቶ ለሚያነብ ቢያንስ አራት ምልክት ነበረው።

አንደኛው ስሙ ነው። ዘመቻው «ዘመቻ ለኅብረ ብሔራዊ አንድነት» ተብሎ ሲሰየምና በ«ምዕራፍ» ሲከፈል የማብቂያው ዐረፍተ ነገር ግማሹ ተጽፏል። ምዕራፍ ያለው ነገር ሽንፈት ሳይባል ሊቆም ይችላል፤ ቀጣዩ ምዕራፍ ባይመጣም የሚጠይቅ የለም።

ሁለተኛው የቀን መቁጠሪያው ነው። መንግሥት በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ወዳጆቻቸው ለታኅሣሥ 29 ገና አገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ አቅርቦ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤም ለጥር 28 እና 29 አዲስ አበባ ላይ ተይዞ ነበር። ለእንግዳ ግቢውን እየጠረገ ያለ ሰው መቀሌ ላይ የጎዳና ውጊያ ይከፍታል ብሎ መገመት ከባድ ነው። ታኅሣሥ 20 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን ማቋቋሚያ አዋጅ ጸደቀ፤ በገና ዕለት የታሰሩት ፖለቲከኞች እነስብሐት ነጋ፣ ጃዋር መሐመድና እስክንድር ነጋ ከእስር እንደሚፈቱ ተገለጸ። እነዚህ ውሳኔዎች በአንድ ሌሊት የበሰሉ አይደሉም፤ ኅዳር ላይ ምድጃው ላይ ነበሩ።

ሦስተኛው ሰብሉ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ የሰሜን ሸዋ ገብስና ስንዴ፣ የቆላው ጤፍና ማሽላ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ለጦርነቱ በተደረገው የክተት ጥሪ የወጣው ሰው አብዛኛው ገበሬ ነው። በዚያው ሰሞን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ሳምንት ተዘግተው ተማሪዎች የዘማቾችን ሰብል እንዲያጭዱ ተደረገ። መንግሥት ልጆችን ከክፍል አውጥቶ ማጭድ ካስያዘ ሠራዊቱ በምን ላይ እንደቆመ ራሱ መስክሯል። የሰኔ 2013ቱ ተኩስ አቁም መግለጫም ምክንያት ያደረገው እርሻን ነበር። በዚህ አገር ጦርነትን ክረምትና መኸር አያቆሙትም፤ ግን ለማቆም ሰበብ የሚሆን የተከበረ ምክንያት ይሰጣሉ።

አራተኛው ውጭው ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ገበያ እንደምታስወጣ አስታውቃ ነበር። የአፍሪካ ኅብረት ልዑክ ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ በአዲስ አበባና በመቀሌ መካከል ይመላለሱ ነበር። ታኅሣሥ 8 የመንግሥታቱ ድርጅት የሰብዓዊ መብት ምክር ቤት አጣሪ ኮሚሽን ለማቋቋም ወሰነ። ማንኛውም መንግሥት እንዲህ ያለውን ግፊት ተቀበልኩ አይልም፤ ግን መግለጫውን የሚያነብበትን ሳምንት ሲመርጥ ይቆጥረዋል።

በመቶኛ መናገር

ታዲያ ጥሩ ተንባይ ኅዳር 27 ላይ ምን ይል ነበር? «መቀሌ ይገባሉ» ወይም «አይገቡም» አይልም። ለምሳሌ «እስከ ገና ድረስ በይፋ የመቆሙ ዕድል 60 በመቶ ነው» ይላል። ታኅሣሥ 11 ሕወሓት መውጣቱን ሲገልጽ 85 ያደርገዋል። እዚህ ላይ ማን ይናገር የሚለው ጥያቄ ጉልበት አለው። የሕወሓት መግለጫ ለመንግሥት «አባርሬዋለሁ» የሚል ቃል ሰጠው፤ ከዚያ ወዲያ ሳይሸነፍ ለመቆም የጎደለው ነገር አልነበረም። ቁጥሩን በየሳምንቱ መቀያየር ወላዋይነት የሚመስለው ሰው አለ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ኦራል የሚቆጥረው ሰው ግን ስሙን ሳያውቀው የሚሠራው ይህንኑ ነበር።

የተንባዩ ሌላ ጥንቃቄ ጥያቄውን ከፍሎ መጠየቅ ነው። ዘመቻው በይፋ ይቆማል ወይ? ተኩሱስ ይቆማል? ቆሞስ ይዘልቃል? ሦስቱ የተለያየ መልስ አላቸው። ከታኅሣሥ 14ቱ መግለጫ በኋላ የአየር ጥቃቱ አልተቋረጠም። መጋቢት 15 ቀን 2014 ሰብዓዊ ተኩስ አቁም ታወጀ፤ አምስት ወር ከቆየ በኋላ ነሐሴ 18 ፈረሰ። ከዚያ የመጣው ደም ከበፊቱ የሚያንስ አልነበረም። ኦባሳንጆ ኋላ በጦርነቱ ያለቀው ሰው እስከ 600 ሺህ ሊደርስ እንደሚችል ገምተዋል። በታኅሣሥ 2014 «ቆመ» የሚለውን ቃል በትክክል የተነበየ ሰው ስለ ሰላሙ ትክክል ሆነ ማለት እንዳልነበር ከዚህ ቁጥር በላይ ማስረጃ የለም።

ፕሪቶሪያ የተለየው ፊርማው ሁለት በመሆኑ ነው። በመንግሥት በኩል ሬድዋን ሑሴን፣ በሕወሓት በኩል ጌታቸው ረዳ ከፈረሙ በኋላ፣ ኅዳር 3 ቀን 2015 የሁለቱ ወገን አዛዦች ፊልድ ማርሻል ብርሃኑ ጁላና ጄኔራል ታደሰ ወረደ ናይሮቢ ላይ የአፈጻጸሙን ወረቀት ፈረሙ። ፖለቲከኛው «ቆመ» አለ፤ አዛዡ ደግሞ እንዴት እንደሚቆም ጻፈ። ጥቅምት 23 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የታወጀበት አንደኛ ዓመት መሆኑ አጋጣሚ ነው፤ ሰሜን ሸዋ ግን የመጀመሪያዋን ጥቅምት 23 በደንብ ስለምታስታውስ ሁለተኛዋን ሳትቆጥር አታልፍም።

ስም የሌለው ዘመቻ

ያ ጦርነት ካበቃ ዓመት ሳይሞላው ሌላ ተነሣ። መንግሥት በመጋቢት 2015 መጨረሻ የክልል ልዩ ኃይሎችን መልሶ ማደራጀት ከጀመረ በኋላ በአማራ ክልል በሠራዊቱና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል ግጭቱ ተስፋፋ። ሐምሌ 28 የስድስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ጥር 24 ቀን 2016 በአራት ወር ተራዘመ፤ በግንቦት መጨረሻ ጊዜው አለቀ። አዋጁ አለቀ እንጂ ውጊያው አላለቀም። በሰሜን ሸዋም መንገድ እየተዘጋ፣ እየተከፈተ፣ እንደገና እየተዘጋ ቀጠለ።

ከላይ የተቆጠሩት ምልክቶች እዚህ አንድ በአንድ ይከዳሉ። «የመጀመሪያው ምዕራፍ ተጠናቀቀ» የሚባልበት አንድ ስም ያለው ትልቅ ዘመቻ የለም። በ2014 መስመሩ ከጣርማ በር እስከ ሚሌ ሲሳብ በካርታ ይታይ ነበር፤ አሁን ግንባር የሚባለው ዛሬ አንዱ ቀበሌ፣ ነገ ሌላው ነው። ፋኖ በየአካባቢው በተለያየ አዛዥ ሥር ሲዋጋ የቆየ ስለሆነ በአንዱ ስም የተፈረመ ወረቀት ሌላውን ላያስር ይችላል። የአዋጁ ሰዓትም መጥቶ አልፏል። የአንድ ወሩ ልማድ የሚሠራው ሄዶ ለሚመለስ ጦር ነው፤ ባለበት ለሚቆይ ጦር አይሠራም።

ስለዚህ ስለዚህኛው ጦርነት ቀን ቆርጦ የሚናገር ተንታኝ ሲገኝ ቀኑን ከመስማት በፊት የሚጠየቅ ነገር አለ፦ መግለጫውን የሚያነበው ማን ነው፣ በማን ስም፣ የትኛውን ዘመቻ ነው የሚያቆመው? ለሦስቱም መልስ ከሌለ የተነገረው ምኞት ነው። መልሶቹ መገኘት ሲጀምሩ ግን፣ ማለትም አንድ ስም፣ አንድ ተደራዳሪ፣ አንድ የተያዘ ቀን ብቅ ሲሉ፣ የትንበያው ቁጥር ከፍ ማለት ይችላል።

እስከዚያው ደብረ ብርሃን በራሷ መለኪያ ትቀጥላለች። መናኸሪያው በር ላይ ረዳቱ «ደሴ! ደሴ! የሞላ!» እያለ ይጣራል። ጋቢውን የተከናነበ ተሳፋሪ ታሪፉን ከመጠየቁ በፊት «መንገዱ ሰላም ነው?» ይለዋል። ረዳቱ ወዲያው አይመልስም። ዞር ብሎ ትናንት ጠዋት የወጣው መኪና ተመልሶ ቦታው ላይ መቆሙን ያያል።